መጥሪያው ላይ ያለች አንዲት ቃል አክስቴን አስለቀሰቻት፤ የሕግና የመንግሥት ቃላትን እንማማር

የውጫሌዋ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ግን ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ከገጠር ወደ ውጫሌ መጥታ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ወረቀት ፈታ ሰጠችኝ። ከፍርድ ቤት የመጣ መጥሪያ ነው። የሟች ወንድሟ ልጆች በእርሻ መሬት ውርስ ከሰዋታል። ከስሟ ጎን «ተከሳሽ» ይላል። ያነበበላት የጎረቤት ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በአግባቡ አልበላችም። «ስድሳ ዓመት ሙሉ የሰው እንቁላል እንኳ ሳልነካ ኖሬ ወንጀለኛ ተባልኩ። ፖሊስ መቼ ነው የሚወስደኝ?» አለችኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

አባቴ ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት በድንበር ክርክር ተረታ። ይግባኝ ማለት መብቱ ነበር። እሱ ግን ይግባኝ ማለት ለትልቅ ሰው አቤት ማለት መሰለው። ማመልከቻ አስጽፎ ወደ አስተዳደር ቢሮ ሄደ። «ነገ ና» አሉት። ከዚያ ወደ ሌላ ቢሮ መሩት። ሁለት ወር ተኩል በዚህ አለቀ። በመጨረሻ አንዲት ጸሐፊ «አባባ፣ ይሄ እኮ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው» አለችው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሲደርስ ጊዜው አልፏል። እስኪሞት ድረስ «ዳኛ በደለኝ» ይል ነበር። እኔ ግን አሁን ሳስበው፣ አባቴን የጎዳው ያች ቃል የየትኛው በር ቁልፍ እንደሆነች የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ የምታውቁ አስተምሩን። ተከሳሽ፣ ተጠርጣሪ፣ ብይን፣ ይግባኝ፣ ሰበር፣ አዋጅ፣ መመሪያ። ትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድደናቸዋል። ለእናቶቻችን ማስረዳት ግን አቃተን።

ጠበቃው ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ በመጀመሪያ አክስትሽን «አብሽሪ» በያት። ማንም አያስራትም።

ክስ በሁለት ይከፈላል፤ ፍትሐ ብሔርና ወንጀል። በፍትሐ ብሔር ሰው ሰውን ይጠይቃል። መሬቴን ልቀቅ፣ ገንዘቤን መልስ፣ ውላችንን ፈጽም ይባባላሉ። የሚረታው ይከፍላል ወይም ይለቃል እንጂ ወንጀለኛ አይባልም። በወንጀል ግን ከሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ዓቃቤ ሕግ ነው፤ የሚከሰውም በመንግሥትና በሕዝብ ስም ነው። ችግሩ በሁለቱም ላይ «ተከሳሽ» የምትለው ቃል አንድ መሆኗ ነው። ወረቀቱን ስትይዢ ከሳሽ የሚለው ቦታ ላይ የማን ስም እንዳለ እይ። የዘመድ ስም ከሆነ ነገሩ ፍትሐ ብሔር ነው።

ሌላም ነገር ሰው ያደናግራል። የአንድ ሰው ስያሜ በየደረጃው ይቀያየራል። ዛሬ ተከሳሽ የተባለችው አክስትሽ ነገ ብትረታና ይግባኝ ብትል «ይግባኝ ባይ» ትባላለች፤ እነሱ ደግሞ «መልስ ሰጭ» ይሆናሉ። ሰበር፣ ማለትም የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት ላይ ሲደርስ፣ «አመልካች» እና «ተጠሪ» ይመጣል። ፍርድ ሲፈጸም ደግሞ «የፍርድ ባለመብት» እና «የፍርድ ባለዕዳ» ይባላል። ደንበኞቼ በየጊዜው «አዲስ ክስ መጣብኝ» ብለው ይደነግጣሉ። ጉዳዩ ግን ያው የድሮው ነው።

አሁን የሚያስፈልጋት በመጥሪያው በተባለው ቀን የመከላከያ መልሷን በጽሑፍ ማቅረብ ነው። ፈርታ ከቀረች ጉዳዩ በሌለችበት ይታያል። ያ ነው የሚያስፈራው። በመልሷ ላይ «የመሬቱ ባለቤት ነኝ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ባለይዞታ ነኝ» ነው የሚባለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የይዞታና የመጠቀም መብት አለው። የመሬት ደብተሯን ኮፒ አያይዙ። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌላት ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

የአባትሽ ነገር ያሳዝናል። በፍትሐ ብሔር ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ካለፈ በኋላ ማስፈቀድ የሚቻለው በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። ቢሮ ለቢሮ መዞር ደግሞ ዳኛን ለማሳመን አስቸጋሪ ነው።

መምህር ከሐይቅ

የውጫሌዋ፣ አባትሽ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኔ በየዓመቱ የማስተምረውን ትምህርት በሁለት ወር ተኩል ኖረውታል።

እኛ ጋ «መንግሥት» ሲባል ሰው አንድ ትልቅ ሰውዬ ይታየዋል። ከላይ አለቃ፣ ከሥሩ ምንዝር። ስለዚህ ዳኛ ከበደለን ወደ ዳኛው አለቃ እንሄዳለን፤ አለቃውም አስተዳዳሪው ይመስለናል። አይደለም። ሥልጣኑ በሦስት ተከፍሏል። ሕግ አውጪው ምክር ቤት ነው። ሕግ አስፈጻሚው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጀምሮ እስከ ቀበሌ ድረስ ያለው አስተዳደር ነው። ሕግ ተርጓሚው ፍርድ ቤት ነው። የወረዳ አስተዳዳሪ የወረዳውን ዳኛ ፍርድ መሻር አይችልም። ቢሞክርም ጥፋት ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 የዳኝነት አካል ከማንኛውም ባለሥልጣን ተጽዕኖ ነፃ ነው ይላል። የዳኛን ስህተት የሚያርመው ሌላ ዳኛ ነው። እኛ ክልል ከወረዳ ፍርድ ቤት ወደ ከፍተኛ፣ ከዚያ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይኬዳል።

ሰበር ከይግባኝ ይለያል። ይግባኝ ላይ ፍሬ ነገሩም ሕጉም ሊታይ ይችላል። ሰበር ግን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይ? «ምስክሬ አልታመነልኝም» ብሎ ሰበር መሄድ ጊዜ ማባከን ነው።

የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የሚባልም አለ። ስሙን ሳስተምር ደስ ይለኛል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 ነው የተቋቋመው። ሥራው አስፈጻሚው ሲያጉላላ፣ ፋይል ሲደብቅ፣ ያለ ምክንያት ሲያመላልስ አቤቱታ መቀበል ነው። ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ ግን አያይም። አባትሽ «ነገ ና» እየተባሉ የተንገላቱበትን ወደዚያ መውሰድ ይችሉ ነበር፤ ፍርዱን ግን አይችሉም ነበር።

የወልዲያው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግን ከልቤ ልናገር። ቃል ማወቅ ምን ይጠቅማል? ወንድሜ አንድ ጊዜ ተይዞ ነበር። የት እንዳለ ሳናውቅ ቀናት አለፉ። ቃሉን ሁሉ እናውቃለን። «ሕገ መንግሥት» ብንል ማን ይሰማናል? ሰው የሚያጣው ፍትሕ ነው፤ መዝገበ ቃላት አይደለም።

ጠበቃው ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ንዴትህ ተገቢ ነው። ወረቀት ላይ ያለ መብት ሁሉ እጅ ውስጥ የገባ መብት አይደለም። ይህን የማይቀበል ጠበቃ ሥራውን አያውቅም።

ግን ቢሮዬ የሚመጡ እናቶችን ልንገርህ። አንዷ «ልጄን ፍቱልኝ» ትላለች። ሌላዋ «ልጄ ከተያዘ 48 ሰዓት አልፏል፣ ፍርድ ቤት አልቀረበም» ትላለች። ሁለቱም ያው ሐዘን አለባቸው። የሁለተኛዋን ግን የፖሊስ ጣቢያው ኃላፊ ቆም ብሎ ነው የሚሰማት፤ ምን ብላ እንደምትቀጥል ያውቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በመንገድ የሚጠፋው አግባብ ያለው ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። ካልቀረበ ቤተሰብ ራሱ ፍርድ ቤት ሄዶ ማመልከት ይችላል። «አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ» ይባላል። ይህን ስም ጻፈውና ኪስህ ውስጥ አኑረው።

ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ካለ «ጊዜ ቀጠሮ» ይጠይቃል። ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም። በዚህ ጊዜ ሰውየው ገና «ተጠርጣሪ» ነው። ተከሳሽ የሚሆነው ዓቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት ነው። ጥፋተኛ የሚባለው ደግሞ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሲለው ነው። ሰፈር ግን ገና በተያዘ ማግሥት ይፈርዳል። እሱ ነው የሚያመኝ።

የሆጤ ልጅ

እኔ ደሴ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የአጎቴ ልጅ «ተከላከል» ተብሎ ቤተሰቡ ሁሉ ለቅሶ ተቀምጦ ነበር። «ብይን ተሰጠ» ሲባል ተፈረደበት ማለት ነው?

ጠበቃው ከኮምቦልቻ

አይደለም ልጄ። ጥሩ ጊዜ ጠየቅሽ።

ብይን ጉዳዩ መሐል ላይ እያለ የሚሰጥ ውሳኔ ነው። በወንጀል ዓቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ዳኛው ያያል። ማስረጃው ከሳሹ ያለውን አያሳይም ካለ፣ ተከሳሹ አንድ ቃል ሳይናገር በነፃ ይሰናበታል። እስቲ መልሱ ይሰማ ካለ ደግሞ «ይከላከል» ብሎ ብይን ይሰጣል። ተከላከል ማለት «ተራው ያንተ ነው፣ ምስክርህን አምጣ» ማለት ነው። ጥፋተኛ ነህ ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ነው ፍርድ የሚመጣው፤ ጥፋተኛ ከተባለም ቅጣቱ ለብቻው ይወሰናል።

ያ ቤተሰብ ለቅሶ በተቀመጠበት ሰዓት መከላከያ ምስክር መፈለግ ነበረበት። እነዚህ ቀናት ወርቅ ናቸው።

በዋስ መለቀቅንም እንዲሁ ሰው በስህተት ይረዳዋል። «ተፈታ፣ ነፃ ወጣ» ብሎ ጠጅ ይጠጣል፣ ቀጠሮውን ይረሳል። ዋስትና ጉዳዩ ሳይዘጋ ከውጭ ሆነህ ተከራከር ማለት ነው።

የቦሩ ሜዳው

ጡረተኛ ነኝ። የልጆቹን ውይይት ሳነብ አመሸሁ። ስለ ቃላቱ ትንሽ ልበል፤ ቃል ከየት እንደመጣ ስታውቁት አይጠፋባችሁም።

ፍትሕ የግዕዝ ቃል ነው፤ ፈትሐ፣ ፈታ ከማለት። ፍትሕ ማለት የታሰረውን መፍታት፣ የተቋጠረውን ነገር መዘርጋት ነው። ዓቃቤ ሕግም ዐቀበ፣ ጠበቀ ከሚለው ነው። ሕግ ጠባቂ ማለት ነው እንጂ ሰው አሳሪ ማለት አይደለም። ጠበቃም ያው ከመጠበቅ ነው። እንግዲህ ችሎት ላይ ሁለት ጠባቂዎች ቆመዋል፤ አንዱ ሕጉን፣ አንዱ ሰውየውን ይጠብቃል። በልጅነቴ ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ፍርድ ቤት ደጃፍ ስደርስ ጉልበቴ አይብረከረክም ነበር።

ድሮ አዋጅ በገበያ ቀን ነጋሪት እየተጎሰመ ይለፈፍ ነበር። «ስማ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል። ለዚህ ነው የፌዴራል ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ እስከዛሬ «ነጋሪት ጋዜጣ» የሚባለው። የእኛ ክልል ሕግ የሚወጣበት ደግሞ «ዝክረ ሕግ» ይባላል። ዛሬ ነጋሪቱ የለም፤ ሕጉ በወረቀት ይወጣል፣ ገበያተኛው ግን አይሰማም።

እህቴ ከውጫሌ ነኝ ስላለች አንድ ነገር ልጨምር። እዚያው መንደሯ በ1881 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር ውል ፈረሙ። አንቀጽ 17። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፍ በኢጣልያ በኩል ማድረግ «ይችላል» የሚል ሐሳብ ነበረው። በጣልያንኛው ደግሞ ግዴታ «አለበት» ሆኖ ተጻፈ። ከዚያ የመጣውን ታውቁታላችሁ፤ ነገሩ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ በደም ተለየ። እስከዛሬ ማንኛውንም ሕግ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው እነዚያን ሁለት ቃላት ነው። «ቢሮው ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል» ካለ ምርጫው የቢሮው ነው። «መስጠት አለበት» ካለ ግን ቁጭ ብዬ እጠይቃለሁ።

የወልዲያው

አባቴ፣ እድሜ ይስጥልን። አንቱ የነገሩን ትምህርት ቤት አልሰማሁትም። «ይችላል» እና «አለበት»ን ከዛሬ ጀምሮ አልረሳቸውም።

መምህር ከሐይቅ

ጋሼ ያነሡት ላይ አንድ ነገር ላክል። ቢሮ ስንሄድ «መመሪያው አይፈቅድም» እንባላለን። እኛም አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን። መመሪያ ግን ከሕጎች ሁሉ ታችኛው ነው። ከላይ ሕገ መንግሥት አለ። ቀጥሎ ምክር ቤት ያወጣው አዋጅ ይመጣል። አዋጁን ለማስፈጸም የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ በክልል ደግሞ የመስተዳድር ምክር ቤቱ ደንብ ያወጣል። መመሪያ የሚያወጣው ሚኒስቴሩ ወይም ቢሮው ነው። ታችኛው ላይኛውን አይጥስም። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት መመሪያውን ለሕዝብ ይፋ ማድረግ አለበት። በትሕትና «ቁጥሩን ይንገሩኝ፣ ላነበው እፈልጋለሁ» በሉ። ተማሪዎቼ ሞክረውት መልስ ያገኙ አሉ።

ከሰቆጣ

እኔ አንድ አጭር ነገር ላስታውስ። የድሮው ወሎ ክፍለ ሀገር ሰዎች «ዞን» ስንል ሁሉም አንድ አይደለም። ዋግ ኽምራ እና የከሚሴው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር የራሳቸው የተመረጠ ምክር ቤት አላቸው። ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ ግን የክልሉ አስተዳደር ቅርንጫፍ ናቸው፤ የዞን ምክር ቤት የላቸውም። ስለዚህ ደሴ ያለ ሰው «የዞኑ ምክር ቤት ይወስንልኝ» ቢል የሚያገኘው የለም። የመረጠው ሰው ያለው ወረዳው ወይም ከተማው ምክር ቤት፣ ክልሉ እና ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ነው።

የሸዋ በሯ

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ደሴ ነኝ። የፍቺ ጉዳይ አለኝ። ባለቤቴ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንጨርሰው ይላል፣ የእህቴ ባል ደግሞ መደበኛ ይሻላል ይላል። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የመንግሥት ነው ወይስ የመስጊድ? ብሄድስ ግዴታ ነው?

ጠበቃው ከኮምቦልቻ

ወዐለይኩም ሰላም እህቴ። በሕግ የታወቀ ፍርድ ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ ይችላል ይላል። ጋሼ እንዳሉት «ይችላል» የምትለዋን ቃል ያዢ። የሚዳኘው ሁለታችሁም ስትፈቅዱ ነው። የአንድ ሰው ፈቃድ አይበቃም።

ግን ተጠንቀቂ። ፈቃድሽን ከሰጠሽ በኋላ ፍርዱ አልጣመኝም ብለሽ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መዞር አይቻልም። ስለዚህ አስቀድመሽ ሁለቱንም አማክሪ። መጥሪያ ከመጣሽ ደግሞ ዝም ብለሽ አትቅሪ። በመጀመሪያው ቀን ቅረቢና ፈቃደኛ መሆንሽን ወይም አለመሆንሽን ራስሽ ተናገሪ። ባልሽም ሆነ የእህትሽ ባል በአንቺ ፈንታ መፍቀድ አይችሉም።

የውጫሌዋ

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጣችሁ። የጻፋችሁትን ለአክስቴ ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። በተለይ ከሳሽ የሚለው ቦታ ላይ የወንድሟን ልጆች ስም በጣቴ ሳሳያት ተነፈሰች። «እነዚህማ የኔው ልጆች ናቸው፣ በጀርባዬ ያዘልኳቸው» አለች። ያን ቀን ማታ ምሳዋንም እራቷንም አንድ ላይ በላች።

መልሷን በጽሑፍ አስገብተናል። አሁን ደግሞ ዘመዶች አበጋሮቹን እንጥራና እንታረቅ እያሉ ነው። ልጆቹም አልጠሉም። ፍርድ ቤት የገባ ነገር በሽማግሌ ያልቃል?

የቦሩ ሜዳው

ያልቃል እንጂ ልጄ! በእኛ አገር ስንት ደም በአበጋር ደርቋል። ሼሁም ቄሱም አብረው ተቀምጠው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሕጉን ነገር ግን ጠበቃው ይንገሩሽ።

ጠበቃው ከኮምቦልቻ

ፍትሐ ብሔር ስለሆነ በዕርቅ ማለቅ ይችላል፣ ሕጉም ይፈቅዳል። ከባድ ወንጀል ቢሆን ግን ቤተሰብ ቢታረቅም ዓቃቤ ሕጉ ክሱን ሊቀጥል ይችላል፤ ዕርቁ ቅጣት ሊያቀልል ይችል ይሆናል እንጂ ክሱን አይዘጋም።

አንድ ነገር አደራ። ታርቃችሁ ዝም ብላችሁ ከቀጠሮ እንዳትቀሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ቡና ተጠጥቶ፣ ተመራርቆ ይለያያል። መዝገቡ ግን ክፍት ነው። አክስትሽ ስትቀር ጉዳዩ በሌለችበት ይታያል። ስለዚህ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት። የትኛው ማሳ ለማን እንደሆነ አዋሳኙ በአራቱም ማዕዘን ይጻፍ። ሁሉም ይፈርም። በቀጠሮው ቀን ሁለታችሁም ይዛችሁ ቅረቡና ይመዝገብልን በሉ። ፍርድ ቤቱ ከመዘገበው እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

የውጫሌዋ

እንደዚያው እናደርጋለን። የአበጋሮቹ ቀን ለመጪው ሐሙስ ተቆርጧል። አክስቴ አንዲት ጥያቄ ቀርታታለች፣ እንድጠይቅላት አደራ ብላኛለች። «ያች ተከሳሽ የምትባል ቃል ከስሜ ጎን መቼ ነው የምትነሳው?» ትላለች።

ጠበቃው ከኮምቦልቻ

ስምምነቱ ተመዝግቦ መዝገቡ የተዘጋ ዕለት። በያት፣ ያን ቀን ማኅተም ያለበት ግልባጭ ሳትይዙ ከግቢው እንዳትወጡ። ከመሬት ደብተሯ ጋር በአንድ ላይ ታስቀምጠው።